ይህን ልጅ ማን አየው? ከይፋግ ገበያ እስከ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት

በደቡብ ጎንደር ደጋ አንድ ልጅ ከእኩዮቹ ቀድሞ ፊደል ሲለይ፣ ዳዊቱን በጥቂት ወራት ሲወጣ ወይም የገበያ ሒሳብ በቃሉ ሲያሰላ የሰፈሩ ሰው መልስ አያጣም። አንዱ «እግዜር የሰጠው ነው» ይላል። ሌላው «የማን ልጅ መሰለህ! አያቱ እኮ መሪጌታ ነበሩ» ብሎ ዘር ይቆጥራል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን አብሾ ሳያጠጡት አልቀሩም» ይላል። ያው ልጅ ከዓመታት በኋላ ትምህርት ሲያስጠላው ወይም ሲታመም ደግሞ አራተኛ መልስ ይመጣል፤ «ዓይን ገባበት»።

እነዚህ አራት መልሶች የመንደር ወሬ ብቻ ተደርገው መታለፍ የለባቸውም። ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከረበት ጉዳይ በአራቱ ውስጥ አለ። ተሰጥኦ አብሮ ይወለዳል? በዘር ይወረሳል? ከውጭ ሊጨመር ይችላል? ከተገኘ በኋላስ በምን ይጠፋል? የትምህርት ፖሊሲ ሲወጣ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ይኸው ክርክር ልብሱን ቀይሮ ይመለሳል። እኔ ግን ከአራቱም በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ እንዳለ አምናለሁ፤ ልጁን ለማየት ቀርቦ የተቀመጠ ሰው ነበረ ወይ?

ከይፋግ የወጣው ልጅ

ይፋግ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከጣና በስተምሥራቅ ስማቸው ከገነነ ገበያዎች አንዷ ነበረች። የአሞሌ ጨው ነጋዴ የሚራገፍባት፣ የጎንደርና የበጌምድር ሰው የሚገናኝባት ስፍራ ነበረች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 ታዬ ገብረ ማርያም የሚባል ልጅ የተወለደው በዚህች አገር ነው።

ታዬ ገና በለጋ ዕድሜው ከአገሩ ወጥቶ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በኋላም ወደ በጌምድር ተመልሶ በአገሩ የጉባኤ ቤት ትምህርት ጠለቀ። ስለ ሰዋስው የጻፉት መጽሐፍ እዚያው ምንኩሉ ታተመ። በ1905 ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ወደ በርሊን ላኳቸው። በዚያ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ፤ የጀርመኑ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ አማርኛን ያጠኑት ከእርሳቸው ጋር ነው። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የሚለው መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ይነበባል። በሃይማኖት አቋማቸው የተነሣ ተከስሰዋል፣ ታስረዋልም። አለቃ ታዬ በ1924 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።

ይህን ታሪክ ስናነብ «ጎበዝ ልጅ የትም ቢወለድ መንገዱን አያጣም» ማለት ይቀናናል። እኔ ከዚህ ድምዳሜ ጋር አልስማማም። ከይፋግ እስከ ምጽዋ ያለው መንገድ ገደልና በረሃ፣ በሽታና ሽፍታ የነበረበት የሳምንታት ጉዞ ነው። ታዬ ደርሷል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ገበያ አሞሌ እየቆጠሩ ያደጉ፣ ምናልባትም እንደርሱ የፈጠኑ ሌሎች ልጆች ግን የት እንደቀሩ የሚነግረን መጽሐፍ የለም። አንድ ሰው መንገዱን ተሻግሮ መገኘቱ መንገድ መኖሩን አያረጋግጥም።

የኔታ እንዴት ይለያሉ?

ደቡብ ጎንደር የጎበዝ ተማሪ ነገር አዲስ የሚሆንበት አገር አይደለም። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። ደብረ ታቦር በተክሌ አቋቋም ትታወቃለች። ከትግራይም ከሸዋም የመጣ ተማሪ በመጨረሻ የእነዚህን ቦታዎች መምህራን ምስክርነት ሳያገኝ «አወቅሁ» ብሎ ወንበር አይዘረጋም ነበር።

የቅኔ ቤትን ውሎ በቅርብ ላየው ሰው ተሰጥኦን የመለየቱ ሥራ ያለ ፈተና ወረቀት ሲሠራ ይታያል። ተማሪው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአለት ላይ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲመሽ ይመጣና የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቃሉ ከአገባቡ ካልገጠመ ያቃኑታል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ ይመልሱታል። ምሥጢሩ የደረሰ እንደሆነ ከዙሪያው «ይበል!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ የበረታው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪሞላ ይወጣል። አንዱ በዓመት የሚደርስበትን ሌላው በሦስት ዓመት ይደርስበታል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ የሃያ ዓመቱን ጎልማሳ ቀድሞ ቢገኝ ዕድሜው አይጠየቅም። ከእርሱ በታች ያሉትን ያስቀጽላል፣ በዚያውም የራሱን ያጠናል።

በዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮች አሉ። ልጁ የሚሄደው በራሱ ፍጥነት ነው። የሚመዘነው ከሌላ ሰው በተቀበለው ብቻ ሳይሆን ከራሱ አውጥቶ ባመጣው ነው። መዛኙም ከእርሱ ጋር ውሎ የሚያድር፣ ትናንት የቆጠረውን የሚያስታውስ መምህር ነው። የዛሬ ሊቃውንት ስለ ብሩህ ልጆች ትምህርት ሲጽፉ የሚመክሩት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። ለማኝ ሆኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በውሻ ተነክሶ፣ በተስቦ የረገፈው የቆሎ ተማሪ ብዙ ነው። ጅራፉም አይዘነጋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩ ለሴት ልጅ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ጎጃም ውስጥ በጽላሎ የቅኔ ወንበር የዘረጉት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የዚህ ማሳያ ናቸው። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔውን የተማሩት ከአባታቸው ከመምህሩ ነው፤ ኋላ የአባታቸውን ወንበር ወርሰው ስንቱን ወንድ ተማሪ አስተማሩ። መምህሩ አባታቸው ባይሆኑ ኖሮ ያቺን ልጅ ወደ ጉባኤው የሚያስገባት ማን ነበር? እርሳቸውን ስናከብር ያላገኘናቸውን ገላነሾችም እናስብ።

የሥርዓቱን ድንበር የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ለአብዛኞቻችን የቀልድ አባት ናቸው። ነገር ግን የአቋቋም ሊቅም ነበሩ። እንደሚተረከው አዲስ የአቋቋም ስልት አውጥተው ለጎንደር ሊቃውንት ቢያቀርቡ ተቀባይ አጡ፤ ያን ጊዜ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ በየታላላቁ አድባራት የሚዘመምበት የተክሌ አቋቋም እንዲህ ነው የተረፈው። ትምህርት ቤት የቆመበትን መልክ ይወዳል፤ አዲስ መልክ ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ እንደ ስህተት ያየዋል። ይህ የጎንደርም፣ የበርሊንም፣ የዛሬው ክፍልም ጠባይ ነው።

አርባ ስምንት ስሙኒ

እኔ በተማርኩበት የገጠር ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ አራት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ልጅ በገበያ ቀን ከእናቱ ጋር እንቁላልና ጌሾ ይሸጣል፤ በዚያ ቀን ከክፍል ይቀራል። አንድ ቀን መምህራችን ሃያ አምስትን በአርባ ስምንት አባዙ አሉን። ሁላችንም ቁጥሮቹን ደርድረን «ያዝኩት፣ አሸጋገርኩት» ስንል ልጁ ገና እርሳሱን ሳያነሣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብሎ ጻፈ። መምህሩ ደብተሩን አዩና «ሥራህ የታለ? ከማን ኮረጅከው?» አሉት። ዝም አለ። ኤክስ ተደረገበት።

ለዕረፍት ስንወጣ ጠየቅሁት። «ሃያ አምስት ሳንቲም ስሙኒ አይደል?» አለኝ። «አራት ስሙኒ አንድ ብር ነው። አርባ ስምንት ስሙኒ አሥራ ሁለት ብር። አሥራ ሁለት ብር ስንት ሳንቲም ነው?» ይህን ሲያስረዳኝ የገረመው የእኛ አለማወቅ ነበር። ያ ልጅ አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። በሪፖርት ካርዱ ላይ ከስድሳ ምናምን ተማሪ አርባኛ አካባቢ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ለሰሊጥ ሥራ ሑመራ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

መምህሩን ለመክሰስ አይደለም የማነሣው። ስድሳ ልጅ ፊታቸው ተቀምጧል፤ ደሞዛቸው አይበቃም፤ የሚያስተምሩት መጽሐፍ አንዱን መንገድ ብቻ ያሳያል። ለፈጣን ተማሪ ያለን ምላሽም ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። ደረጃ እናወጣለን፤ በዓመቱ መጨረሻ ደብተርና መዝገበ ቃላት እንሸልማለን። የክፍል አለቃ እናደርገዋለን። «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት በመጣ ጊዜ ደግሞ አምስት ልጆች ሰጥተን «አንተ አስጠና» አልነው። ማስጠናቱ በጎ ነው፤ የቅኔ ቤቱም ልጅ ያስቀጽል ነበር። ልዩነቱ የቅኔ ቤቱ ልጅ ሌላውን ካስቀጸለ በኋላ የኔታ ለራሱ ከበድ ያለ ነገር ይሰጡት የነበረ መሆኑ ነው። የእኛው ልጅ ግን አምና ያወቀውን ዘንድሮም ይሰማል። ድሮ «ደብል መታ» እየተባለ ክፍል ዘልሎ የሚያልፍ ተማሪ ነበር፤ አሁን እርሱም ብርቅ ሆኗል።

ከቤት የሚመጣውም ነገር አለ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለን እናሳድጋለን። ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ ለፍላፊ፣ የሚከራከር ልጅ ባለጌ ይባላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ዓይን አውጣ። ትምህርት ቤት ስትደርስ ጥያቄዋን ዋጥ ማድረግ የለመደች ልጅ እጇን ታወጣለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ ብዙ መጠበቁ አይቀርም።

ዓለም ምን ተማረ?

ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ሲያዘጋጅ ዓላማው እርዳታ የሚያሻቸውን ልጆች መለየት ነበር። መለኪያው አሜሪካ ሲደርስ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ሉዊስ ተርማን በ1921 በካሊፎርኒያ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ ልጆችን በከፍተኛ ነጥብ መርጦ ዕድሜ ልካቸውን መከታተል ጀመረ። ብዙዎቹ ጥሩ ኑሮ ኖሩ። ነገር ግን ተፈትነው ነጥባቸው ስላልደረሰ ከቀሩት ልጆች ሁለቱ፣ ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ አድገው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከተመረጡት ግን አንድም የኖቤል ተሸላሚ አልወጣም።

በ1978 ጆሴፍ ሬንዙሊ ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። ተሰጥኦ የሚባለው ሦስት ነገሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው አለ፤ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እና በያዙት ሥራ ላይ መጽናት። በእርሱ አነጋገር ልጁ በየሰዓቱ ብሩህ ሆኖ አይኖርም፤ ሦስቱ ሲገናኙለት ይበራል። ሲንጋፖር ከ1984 ጀምሮ ልጆችን በፈተና ለይታ በተመረጡ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ታስተምር ነበር። በ2024 ግን ያ አሠራር እንደሚቀርና እያንዳንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈጣን ልጆቹን በያሉበት እንዲያስተምር እንደምታደርግ አስታወቀች።

ስለ አብሾም አንድ ቃል ልበል፤ ዛሬም የሚሞክረው ስላለ። በብዛት ከአጤ ፋሪስ ጋር የሚያያይዙት ይህ ተክል ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ስኮፖላሚን የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል፤ ተመራማሪዎች መርሳትን ለማጥናት የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው። ሲበዛ ያሳብዳል፣ ይገድላልም። ለልጅ አእምሮ ከዚህ ይልቅ የሚጨመርለት ምግብ ነው። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። መቀንጨር ቁመትን ብቻ አይወስድም፤ የመማር አቅምንም ይጎዳል። «ዓይን ገባበት» ከምንላቸው ልጆች ስንቱ ረሃብ የገባበት ይሆን?

ወረቀቱና አዳሪ ቤቱ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ አቅማቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስፍሯል። ያ ሐሳብ ከተጻፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። በተግባር ግን «ልዩ ፍላጎት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ማየትና መስማት የተሳናቸውን ልጆች ነው፤ ለእነርሱም ቢሆን የተሠራው ገና ጥቂት ነው። ፈጣኑን ልጅ በሚመለከት አንድ የገጠር መምህር ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስረዳው የለም።

ጎበዝ ተማሪን ለይቶ ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጄነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1946 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲከፈት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን በአዳሪነት ተቀበለ። የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የየክፍለ ሀገሩን ጎበዞች ለ12ኛ ክፍል ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያመጣ ነበር። ከዚያም በመቀሌ ቃላሚኖ፣ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በደብረ ብርሃን ኃይሌ ማናስ አካዳሚ ተከተሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከል ተማሪዎችን ከቤተ ሙከራ ጋር ያገናኛል። ቡራዩ ላይም የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ተቋም ተሠርቷል።

የእነዚህ ደጋፊዎች ክርክር ጠንካራ ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ያገኛል፣ ሦስቴ ይበላል፣ እንደርሱ የሚጠይቅ ጓደኛ ያገኛል። የብቸኝነቱ ስብራት ይጠገናል። ይህን የሚያቃልል ሰው ያን ብቸኝነት የማያውቅ ነው። ተቃዋሚዎቹም እውነት አላቸው። መግቢያው የ8ኛ ክፍል ውጤትና የጽሑፍ ፈተና ከሆነ የሚመረጠው አስቀድሞ የታየ ልጅ ነው፤ የከተማ ልጅ፣ አስጠኚ የተቀጠረለት፣ በገበያ ቀን ከክፍል የማይቀር። የእኔ የስሙኒ ጓደኛ እዚያ ፈተና ላይ አይደርስም ነበር። ደግሞም ጎበዞቹ ሲወሰዱ የቀረው ክፍል የሚከተለው ሰው ያጣል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይህን ጉዳይ ለሁላችንም ፊት ለፊት አምጥቶታል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ከፍተኛ ያመጡትን በቴሌቪዥን አይተን አጨበጨብንላቸው፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመቶ ዘጠና ምናምን ልጅ ሲወድቅ ፈተናው የሚነግረን ስለ ልጆቹ ጭንቅላት ሳይሆን አሥራ ሁለት ዓመት ስለዋሉበት ክፍል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል መግባት የነበረባት፣ ፊደል በራሷ ለይታ የተቀመጠች ልጅ በሊቦ ከምከም ወይም በእስቴ ቀበሌ ውስጥ በጎችን ትጠብቃለች። ስለ ተሰጥኦ የምናወራው ሁሉ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ፣ መምህሩም ተማሪውም ያለ ፍርሃት ሲገቡ ነው ትርጉም የሚኖረው።

በያለበት

እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ይዘጋ አልልም። ይጨመር። ግን ከላይ ብቻ አይጀመር። በየወረዳው የጉድኝት ማዕከል የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በዙሪያቸው ያሉትን ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የሚያስተሳስሩ። በሳምንት አንድ ቀን ከየትምህርት ቤቱ በአንድ ነገር ፈጠን ያሉ ልጆች፣ በሒሳብ ይሁን በሥዕል፣ በንባብ ወይም ሬዲዮ ፈታትቶ በመግጠም፣ እዚያ ቢገናኙ ሕንፃ አያስፈልግም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ ሊያግዙ ይችላሉ። በአንድ ትምህርት ላይ የቀደመ ልጅ በዚያ ትምህርት ብቻ ከበላዩ ክፍል ጋር ቢቀመጥ ሕግ አይፈርስም። የአዳሪ ቤት ምልመላም ከክልሉ በጠቅላላ ነጥብ ከመደርደር ይልቅ ከየወረዳው፣ ወንድም ሴትም፣ የየአካባቢውን ቀዳሚዎች ቢወስድ የሩቁ ቀበሌ ልጅም በሩን ያየዋል። መምህሩ ሲጠቁም ደግሞ ማርክ ብቻ አይይ፤ ልጁ በቃሉ ያስረዳውን፣ በእጁ የሠራውን፣ ተስፋ ሳይቆርጥ የተመላለሰበትን ይጻፍ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ከልጁ ፊት የቆመው ሰው ጊዜና አክብሮት ሲያገኝ ነው። ስድሳ ልጅ የያዘ፣ የወሩን ደሞዝ በግማሽ ወር የጨረሰ መምህር ልጅ እንዲያስተውል መጠየቅ ግፍ ነው። የክፍል ተማሪ ቁጥር መቀነስና የመምህር ኑሮ መሻሻል ከብሩህ ልጆች ጉዳይ የተለየ አጀንዳ አይደለም።

የአለቃ ታዬ አገር ይፋግ ገበያዋ ዛሬም ይቆማል። ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ዋጋ የሚያሰላ፣ መልስ ከመሰጠቱ በፊት መልሱን የሚያውቅ ልጅ አይጠፋባትም። ነገ ክፍል ሲገባ ያው መልስ በደብተሩ ላይ ያለ ሥራ ይቀመጣል። መምህሩ «ከማን ኮረጅከው?» ካሉት ዝም ይላል፤ ዝም ማለትንም ይለምዳል። አጠገቡ ቁጭ ብለው «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው ንገረኝ» ካሉት ግን ስለ ስሙኒ ይነግራቸዋል።